ሱፐርቻርጀርህን መልሼ ልኬልሃለሁ

ለልጄ ለሶሬሳ ደበላ፣ ሻርጃ።

እስክሪብቶውን የያዘችው ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሐጀራ ናት። እጁ የሷ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የደበላ ነው። የተናገርኩትን እንዳለ እንድትጽፍ፣ ስድብም ቢሆን እንዳታለዝበው ቃል አስገብቻታለሁ። እሷም ባንኮኒዋ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ፣ እኔም የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ይኸው ጀምረናል።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እዚያ አገር ሙቀቱ በረድ አለ ወይ? ሚስትህ ዙፋን እንደምን ናት? የልጅ ልጄ ሚራክል እንዴት ከረመች፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ዳሲቱን ክረምቱን ሙሉ ጉልበቷ ሲያስቸግራት ከርሞ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ሲወጣ ለቀቅ አድርጓታል። ቤቱ ዘንድሮ አላፈሰሰም። ፒክአፕዋም ደህና ናት፣ አንተ ባትጠይቃትም። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። የጠየቅሁህ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ በጣም ተናድጄብሃለሁ። ሐጀራ ይህንንም ልጻፈው ወይ አለችኝ። ጻፊው፣ እንዲያውም አድምቀሽ ጻፊው አልኳት።

የላክልኝን ሱፐርቻርጀር፣ ያንን ለሞተር አየር የሚነፋ ብረት፣ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልህ በሙህሲን እጅ መልሼልሃለሁ። ሙህሲን የሐጀራ ወንድም ነው፤ ሐሙስ ይበራል። ሻንጣው ያንተን ብረት ብቻ ይዞ ስለሞላ፣ ለጓደኞቹ ያዘጋጀውን በርበሬ ትቶ ነው የሚሄደው። ስታገኘው አመስግነው፣ ምሳም ጋብዘው። እኔ የምፈልገው ቱርቦ ነው። ቱርቦ ላክልኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደሆነ ነው። ስልኩን ከእናትህ እጅ ስቀበል ኔትወርክ የለም እያልክ ትዘጋብኛለህ፤ ሁለት ዓመት ሆነህ እንዲህ ስታደርገኝ። ወረቀት ግን አትዘጋብኝም።

ሳጥኑ የደረሰኝ በነሐሴ መጨረሻ ነው። ተሸክሜው ገብረጻድቅ ጋራዥ ሄድኩ። ገብረጻድቅን ታውቀዋለህ፤ ብረታ ብረት ፋብሪካ እሱ መካኒክ፣ እኔ ሹፌር ሆነን አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። ሲከፍተው ከላይ ወረቀት ተቀምጧል። ልጄ የጻፈው ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሰው ሞልቷል፤ ባጃጅ የሚያሠራው፣ ጎማ የሚያስለጥፈው፣ ሥራ ፈትቶ የሚያየውም አለ። ጮክ ብለህ አንብበው፣ ሁሉም ይስማ አልኩት። ገብረጻድቅ መነጽሩን አድርጎ ጀመረና ወረቀቱን አጠፈው። ቀጥል እንጂ አልኩት። ደበላ፣ ቤት ሄደን ላንብብልህ አለኝ። ምን ያሳፍርሃል፣ የልጄ ጽሑፍ ነው፣ አንብብ ብዬ ጮህኩበት። አነበበው።

የጻፍከውን ታስታውሰው ይሆናል። እኔ አንዴ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ያልተማረ ሰው የሰማውን አይረሳም። «ጋሽ ገብረጻድቅ፣ ቱርቦ ያልላክሁት አባባ ስለማይችሉት ነው። ቱርቦ ከዳገት በኋላ እስኪበርድ መታገስ ይፈልጋል፤ አባባ ትዕግሥት የላቸውም፣ በዚህ ዕድሜያቸውም አይማሩም። ይሄኛው ምንም አይፈልግም፤ ማንም ሊነዳው ይችላል።» በአንቱታ አድርገህ ነው የሰደብከኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንዱ የባጃጅ ሹፌር መሳቅ ጀመረ።

ማንም! እኔ ማንም ነኝ? አርባ አንድ ዓመት መሪ የያዝኩ ሰው ነኝ። የመንገድ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በቃሌ ይዤ፣ ፊደል ሳልቆጥር መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም። አንተን ራስህን መንዳት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ፍሬን መስሎህ ነዳጁን ረግጠህ የጎረቤት አጥር ውስጥ ስትገባም አይማርም አላልኩህም። አሁን በአቃቂ መንገድ ሳልፍ የባጃጅ ሹፌሮቹ ጋሽ ማንም መጡ፣ ለጋሽ ማንም መንገድ ልቀቁ ይላሉ። ይህንን ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ባሕር ማዶ ተቀምጠህ፣ በአንድ ብጣሽ ወረቀት።

እዚህ ላይ ሐጀራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባባ፣ ልጁ እኮ አስቦልዎ ነው የላከው አለችኝ። አንቺ ጻፊ እንጂ አትፍረጂ አልኳት። እሷም ሰው ገብቶባት ሳሙና ሸጣ ተመለሰች።

ያም ሆኖ አስገጠምኩት። ሥራ ነው፤ ተቆጥቼ ሥራዬን አልተውም። ሥራዬን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ ከዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካ ጭኜ ሱሉልታ ላም ለሚያረቡ ሰዎች አደርሳለሁ። ሜዳው ላይ ምንም ችግር የለም። ከአዲሱ ገበያ በላይ ዳገቱ ሲጀምር ነው ፒክአፕዋ ትንፋሽ የሚያጥራት። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተሩ ደረጃ እንደምትወጣ እናትህ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሃያ ጆንያ ትጭን የነበረች መኪና በአሥራ ሁለት ጆንያ ጥቁር ጭስ እያስታወከች በእግረኛ ትቀደማለች። ባለፈው ክረምት ዳገቱ መሀል ቆማብኝ ግማሹን ጭነት መንገድ ዳር አራግፌ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አስካለች ደንበኛዬ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ላሞቹን ብቻዋን የያዘችው፣ ጋሽ ደበላ፣ ግማሽ ጭነት እያመጡ ላሞቼን ግማሽ ጾም አያስጹሙብኝ፣ ካልቻሉ ይንገሩኝና ሌላ ሰው ልፈልግ አለችኝ። ልክ ናት። ላም ሰበብ አትበላም። እሷ ከሄደች ሌሎቹም ይከተሏታል፤ ያኔ ፒክአፕዋን ሸጬ በር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ማየት ነው የሚቀረኝ። አንተም እናትህም በስልክ የምትሾካሾኩት ይህንኑ እንደሆነ አውቃለሁ። መስማቴን አላጣሁም።

ገብረጻድቅ አራት ቀን ታገለው። የሚቀመጥበትን ብረት ቀጥቅጦ አበጀ፣ ልኩ የሚሆን ቺንጊያ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ የሞተሩን ኮፈን ለመክደን ደግሞ መዶሻ አነሳ። ፒክአፕዋ ስትነሳ መጮህ ጀመረች፤ ፉጨቱ ለሰፈሩ ተረፈ። በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ሃያ ጆንያ ሙሉ ጭኜ ወጣሁ።

አልዋሽህም፤ ዳገቱን ወጣች። በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ሚኒባሶች ጥሩምባ የሚነፉብኝን ቦታ በሦስተኛ ወጣሁት። ነዳጁን ስትረግጠው አያስጠብቅህም፤ ወዲያው ነው የሚጎትተው። አንድ ሚኒባስ እንዲያውም ቀደምኩ። ጫፉ ላይ ደረስኩና እንደ ልማዴ ጥጌን ይዤ ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። ይህንን ልማዴን ታውቀዋለህ፤ ናፍጣ በኩፖን በነበረ ጊዜ የተማርኩት ነው። ያኔ ጎበዝ ሹፌር ማለት ሞተር የሚያጠፋበትን ቦታ የሚያውቅ ነበር። ከዚያ የጭነቱን ገመድ አየሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ማርሹን ፎሌ፣ ባዶ፣ አድርጌ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ፍሬኑ እንደዚያ ሲሆን ይደነድናል፤ እግሬ ግን ያውቀዋል።

ምንም አልሆነም። አልተቃጠለም፣ አልጨሰም፣ አልተቆጣኝም። አስካለች ሃያውን ጆንያ ቆጥራ መረቀችኝ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ገባህ ለምን እንደሆነ? የላክልኝ ዕቃ ሚራክል የምትጠጣበት የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ብትወረውረውም አይሰበር፣ ብትረግጠውም አይሰበር። ለሕፃን እንዲህ ያለ ዕቃ ይሰጣል። ለእኔ አይሰጥም።

በዚያ ላይ ይጠጣል። ወጥቼ ወርጄ ሁለት ጊዜ የምመላለስበት ናፍጣ በሁለተኛው ጉዞ መንገድ ላይ አለቀብኝ፤ ማደያ ተሰልፌ መኪናዋን በእጄ እየገፋሁ ከሰዓቱን ጨረስኩ። ገብረጻድቅ ሲያስረዳኝ፣ ሱፐርቻርጀር የሚዞረው በሞተሩ በራሱ ጉልበት ነው፤ ቺንጊያው ከሞተሩ ላይ ነጥቆ ነው መልሶ ሞተሩን የሚያበላው። ቱርቦ ግን በማርሚታ፣ በጭስ ማውጫው፣ ወጥቶ የሚጠፋውን ጭስ ይዞ በእሱ ይዞራል፤ የሚጣለውን ነው የሚበላው። ይህንን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። የዱቄት ፋብሪካ የጣለውን ጭኜ ላም የማጠግብ ሰው ነኝ፤ ከሚጣል ነገር ጉልበት እንደሚገኝ ከአንተም ከአለቆችህም በፊት አውቃለሁ። እናንተ እዚያ ጋራዥ የምትሠሩት አሸዋ ላይ ለሚንፈራገጡ የሀብታም መኪኖች ነው። ለእነሱ ናፍጣ ውኃ ነው። ለእኔ አይደለም።

አሁን ወደ ፊተኛው ቱርቦ ልምጣ። ሐጀራ፣ ይህንን ሳትቸኩዪ ጻፊው።

ከሁለት ዓመት በፊት የላክልኝ ቱርቦ በአራት ወሩ ሞተ። እኔ በእሑዱ የእድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ልጄ አረቦች የጣሉትን ቆሻሻ ሰብስቦ ላከልኝ አልኩ። ሰው ሳቀ። ወሬው በሳምንቱ ሻርጃ ደረሰህ። አንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅህን ነፈግኸኝ። ያንን ዕቃ ፍለጋ የዕረፍት ቀንህን ሁሉ በዚያ ፀሐይ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር እንደከረምክ እናትህ የነገረችኝ በኋላ ነው። ብታውቂ ቀድመሽ አትነግሪኝም ወይ ብዬ ተቆጣኋት። እሷም መቼ ታስወራኛለህ አለችኝ።

ዕቃው ደህና ነበር። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ገብረጻድቅ ሲፈታው ዘንጉ በእሳት እንደገባ ብረት ሰማያዊ ሆኗል፤ ውስጡ ያለው ዘይት ከሰል ሆኖ ተጋግሯል። ደበላ፣ ይህ የዕቃው ጥፋት አይደለም፤ ዳገቱን ጨርሰህ ሞተሩን እንደጋለ ታጠፋዋለህ፣ ዘይቱ ይቆማል፣ ዘንጉ ግን ገና እሳት ሆኖ እየዞረ ነው አለኝ። ዝም በል አልኩት። ዝም አለ፤ ጓደኛዬ ነው። እድሩ ላይ ስናገርም ከጎኔ ተቀምጦ ዝም እንዳለ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለታችን ብቻ አወቅን። አሁን አንተና ሐጀራ አራት አደረጋችሁን። ይህንን አንድ ጊዜ ነው የምለው፤ በስልክ ድገሙልኝ ብትል አልደግመውም። ይቅርታም አልልህም። አንተም በሰው ፊት አስነብበህብኛል፤ እኩል ነን።

ግን አይማሩም ያልከው ውሸት ነው። እሱን አልተውልህም።

መስቀል ሲያልፍ ሱፐርቻርጀሩን አስፈታሁ። አሁን ፒክአፕዋ ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም የላትም፣ አሥራ ሁለት ጆንያ ይዛ እያለከለከች ትወጣለች። ዳገቱን ስጨርስ ግን ቁልፉን አልነካም። ጥጌን ይዤ ሞተሩ እየሠራ እቀመጣለሁ። ገብረጻድቅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል ብሎኛል። እኔ ሰዓት እያየሁ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ኮዬ ሳለን የነበረውን መንደር ከወንዙ ጀምሬ ወደ ላይ እየወጣሁ ቤቶቹን በባለቤታቸው ስም እቆጥራለሁ። የጉርሜሳ ቤት፣ የበዳኔ ቤት፣ ንብ የነበረው የመገርሳ ቤት፣ ሁለት ሚስት ያገባው የዋቆ ሁለቱም ቤት፣ ውሻው ሰው የማያሳልፈው የቱሉ ቤት። አሁን እኛን አስነስተው የሠሩት ኮንዶሚኒየም ቆሞበት ማን የት እንደነበር ቦታው ላይ ሄጄ እንኳ መለየት አቅቶኛል፤ ዳገቱ ላይ ተቀምጬ ግን አንድም አይጠፋብኝም። ባለፈው ማክሰኞ ዝናብ መጣና ፉርሽካው እንዳይርስብኝ ስቸኩል የበዳኔን ቤት ዘለልኩ። ተመልሼ ከወንዙ ጀመርኩ። ጆንያዎቹ ላይ ሸራ የሳብኩት ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ሁለት ጆንያ ረጠበብኝ፣ ለአስካለችም ተናዘዝኩላት።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር አጠገቤ ቆሞ፣ አባባ ተበላሽቶብዎ ነው ወይ፣ ልግፋልዎ ወይ አለኝ። አይ፣ እያስለመድኳት ነው አልኩት። ማንን አለኝ። አንተ መንገድህን ሂድ አልኩት። ናፍጣ በውድ ዋጋ ተሰልፎ የሚቀዳ ሰው፣ ቱርቦ የሌለውን መኪና ቱርቦ እንዳለው አድርጎ ሲያቀዘቅዝ ያየ ሁሉ አብዷል ቢል አልፈርድበትም። አንተ ግን አትችልም፣ ታግሠህ አትጠብቅም ብለሃልና ይኸው ሃያ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሃያ ሁለት ጊዜ ጠብቄአለሁ። ገብረጻድቅን ጠይቀው። ሁለት ቀን አብሮኝ ወጥቶ አይቷል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ እሱም አብሮኝ ይቆጥር ነበር።

ሲቆጠር ቤቱ አርባ ሦስት ነው። የእኛ ቤት አርባ ሁለተኛው ነው። አርባ ሦስተኛው ከጓሯችን ላንተ የከለልኩት ቦታ ነው፤ የማዕዘኑን ድንጋይ ሁለታችን ተሸክመን አስቀምጠን ሳይሠራ የቀረው። እዚያ ስደርስ ሞተሩ በርዷል፤ ያኔ አጠፋዋለሁ።

እንግዲህ ቱርቦ ላክ። የሞተሩን ቁጥርና የሚያስፈልገውን ልክ ገብረጻድቅ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፎልሃል። ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት የምትጨምር ከሆነ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ጻፍ፤ ሐጀራ ታነብልኛለች። ወይም ዓመት ዕረፍትህ ሲደርስ ራስህ ይዘኸው ናና ቡሎኑን በገዛ እጅህ አጥብቀው። ከጎኔ ተቀምጠህ ዳገቱን እንወጣለን፤ ጫፉ ላይ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትቆጥርልኛለህ። ይህ ልመና አይደለም፤ እንደ ልመና አንብበኸው እንዳላገኝህ። ካልላክህም ግድ የለኝም፤ በአሥራ ሁለት ጆንያ እወጣለሁ፣ አስካለችም ብትሄድ ትሂድ። ጋሽ ማንም ተብዬ ግን አልሞትም።

እናትህ ዳሲቱ ሰላም ብላሃለች፤ ወገብህን ሙቅ ውኃ ያዝበት፣ ከባድ ብረት ብቻህን አታንሳ ብላሃለች። ዙፋንን በእኔ ስም ሰላም በላት፤ እሷ አልበደለችኝም፣ እንዲያውም ወረቀቱን አይታው ቢሆን ኖሮ እንደማታስልክህ አውቃለሁ። ሚራክልን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ፒክአፕ ላይ ከፊት ያስቀምጥሻል በላት። ገብረጻድቅ ሰላም ብሎሃል፣ ሁለተኛ በእኔ በኩል አትጻፍ ብሎሃል። ሐጀራም ራሷ ሰላም ብላሃለች። አስካለችን አታውቃትም፣ እሷም አታውቅህም፤ ላሞቿ ግን ካንተ መልስ ይጠብቃሉ።

አባትህ ደበላ። ፊርማዬ ይህ አውራ ጣቴ ነው።

አቃቂ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

በይ ሐጀራ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንድም ስድብ እንዳታስቀሪ፤ ስድቡን ጮክ አድርጊው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ያልኩበት ስትደርሺ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ በሩ ላይ የባጃጅ ሹፌር ቆሟል።